እንዶድ ለአጥር እንጂ ለሐይቅ አይሆንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሰሞን በአንባቢያን ዓምድ ያወጣችሁትን የአንድ ሐዋሳዊ ወንድማችንን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ልጆች በቢልሃርዝያ፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ተራብቶ በሐይቅ ውሃ በኩል ሰው ላይ በሚደርሰው በሽታ፣ መያዛቸው አሳስቦታል። እንዶድ በዘመቻ ይሰብሰብ፣ ይፈጭ፣ ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ይነስነስ ይላል። ጭንቀቱ የእኔም ጭንቀት ነው። መፍትሔው ግን አስደነገጠኝ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። 31 ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ሳጎነብስ ኖሬአለሁ። አሁን ጓሮዬ ውስጥ ችግኝ አፈላለሁ። ከማፈላቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው እንዶድን ነው። ስለዚህ የምጽፈው እንዶድን ለማጥላላት አይደለም።

ያደግኩት በእንዶድ በታጠበ ልብስ ነው። እናቴ ሐዋሳ ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች አሳድጋናለች። ባለ ልብሶቹ ሳሙና ይሰጧት ነበር። ለጋቢና ለነጠላ ግን ሳሙናቸውን አትነካም። እንዶዱን ከገበያ ደረቁን በጣሳ ትገዛለች። በሙቀጫ ስትወቅጠው እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ዱቄቱ ብን ሲል ያስነጥሳል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ያቃጥላል። «አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ ፊትሽን አዙሪ» ትለኝ ነበር። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትበጠብጠዋለች። አረፋው ነጭና ድፍን ያለ ነው፤ ቶሎ አይጠፋም። ጋቢውን ዘፍዝፋ ታድርና በማግስቱ አሽታ ታለቀልቀዋለች። ጥለቱ አይለቅም፣ ድሩ አይሻክርም። ለከተራ ዋዜማ ቤታችን ነጭ በነጭ ይሆን ነበር። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ የለ? የሰፈሩ የጥምቀት ቀሚስ በእናቴ እጅ ያልፋል። ያን ሽታ እስካሁን አልረሳውም። የሳሙና ሽታ አይደለም። እርጥብ ቅጠል ቅጠል ይላል።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። ከደብዳቤው ጋር ያወጣችሁት ፎቶ ሥር «የእንዶድ ዛፍ» ብላችኋል። እንዶድ ዛፍ አይደለም። ቁጥቋጦ ነው፤ ያውም የሚንጠላጠል። የሚደገፍበት ካገኘ እየተጠማዘዘ ዛፍ ላይ ይወጣል። የሚደገፍበት ካላገኘ ወደ ጎን ይዘረጋል። ፎቶው ላይ ያለው ተክል እንዶድ መሆኑንም እጠራጠራለሁ፤ ቅጠሉ ጠርዙ መጋዝ መጋዝ ይላል። የእንዶድ ቅጠል ጠርዙ ልሙጥ ነው። አበባው ረዘም ባለ ዘንግ ላይ ተደርድሮ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ጥቃቅን ነው፣ ነጣ ብሎ ወደ ቢጫ ያደላል። ንብ አይጠፋበትም። ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ አራት ወይም አምስት ጎን ያለው ትንሽ ኮከብ ይመስላል። ሲበስል ወደ ብርቱካንማና ቀይ ይለወጣል፤ ያኔ ወፎች ይለቅሙታል፣ ዘሩንም እነሱ ይበትኑታል።

ሳይንሳዊ ስሙ ፋይቶላካ ዶዴካንድራ ነው። የመጀመሪያው ቃል ግማሹ በግሪክኛ ተክል ማለት ሲሆን፣ ግማሹ ቀይ ቀለምን ያመለክታል፤ አሜሪካ የሚበቅለው ዘመዱ ከፍሬው ደማቅ ቀይ ቀለም ስለሚወጣ ነው። ዶዴካንድራ ማለት ደግሞ «አሥራ ሁለት ወንዴ» ነው፤ የአበባውን ወንዴ ዘንጎች ቆጥረው የሰጡት ስም ነው። እኔም በአጉሊ መነጽር ቆጥሬአለሁ። ሁልጊዜ አሥራ ሁለት አይመጣም፤ አንዳንዱ ያንሳል፣ አንዳንዱ ይበልጣል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1791 ያወጣው ሌሪትዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሥራው ዳኝነት ነበር፤ ዕፅዋትን ያጠና የነበረው ከሥራው ጎን ለጎን ነው። የሚገርመኝ ለገሾም ሳይንሳዊ ስሙን የሰጠው ይኸው ሰው መሆኑ ነው። የባሕር ዛፍን ወገን «ዩካሊፕተስ» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው። ጠላችን፣ የጓሮ ማገዶአችንና የጋቢያችን ማጠቢያ በአንድ የፓሪስ ዳኛ ስም ሲወጣላቸው ይታያችሁ። ሌላ ሳይንቲስት ቆይቶ ፋይቶላካ አቢሲኒካ ብሎት ነበር። ይህኛው ስም የአገራችንን ስም ስለያዘ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚጸና ቀረ። በኦሮምኛ አንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብቲ ይባላል።

በዘር ሐረግ ብትሄዱ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ፣ ቡገንቪላና የበለስ ቁልቋል የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው። የቀይ ሥር እጅ የሚያቀላው ቀለምና የቡገንቪላ ድምቀት ከአንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው የሚመጡት። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራት አላመነችኝም ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ የወንዞችን ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ከላይ በኩል ደግሞ ቀንድ አውጣው በሕይወት አለ። ከላይ ሕያዋኑን ለቅመው አንዷን አጣቢ ከእንዶዱ አረፋ ትጨምርባቸው ዘንድ ለመኗት። ሞቱ። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ያቺ ሴት ማን እንደነበረች አላውቅም። ሳስባት ግን የማስባት በእናቴ መልክ ነው።

ከዚያ በኋላ አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ያህል ወንዞቹን በእንዶድ እያከሙ ተከታተሉ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር ለገሠ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፣ እያወዳደሩ መርጠዋል። በፍሬ ብዛትና በኃይል ጎልቶ የወጣው «ዓይነት 44» ይባላል። ከሞቃዲሾ እስከ ኬፕታውን ስለ እንዶድ የሚያጠና ሰው ይህን ቁጥር ያውቀዋል። እኛ አናውቀውም። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 አርፈዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

የቶሌዶውንም ጉዳይ ሳልጠቅስ አላልፍም። በአሜሪካ ኦሃዮ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ሰጥቷቸው ነበር። እዚያ ሳሉ፣ በአሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዥንጉርጉር ዛጎል ያለው ፍጥረት እንዶድ ይገድለው እንደሆነ ተሞከረ። ገደለ። ቆይቶ ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ያን ሳነብ አልቅሻለሁ። የእናቴ እውቀት ወረቀት ላይ ሲሰፍር የእሷ ስም እንደማይኖርበት የገባኝ ያን ቀን ነው።

እንግዲህ እንዶድ ይህን ሁሉ ማድረግ ከቻለ ሐይቃችን ውስጥ ቢነሰነስ ምን አለበት?

ብዙ አለበት። እንዶድ የሚገድለው ሳፖኒን በሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ አረፋውም ከእሱ ነው የሚመጣው። ሳፖኒን ቀንድ አውጣና ዓሣ አይለይም። በስንጥብ የሚተነፍስ ሁሉ ይጎዳበታል። አንዳንድ ቦታ ሰዎች በእንዶድ ዓሣ እያደነዘዙ ያጠምዱ እንደነበር ይታወቃል። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ የቆሮሶና የአምባዛ ቤት ነው። የቆሮሶ ጫጩት የሚያድገው የት ነው? ጥልቁ ላይ አይደለም። ዳር ላይ፣ ሣርና ቄጠማ በበዛበት፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ነው። የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣም ተጣብቆ የሚኖረው እዚያው ሣር ላይ ነው። ወንድሜ ይነስነስ ያለው በትክክል እዚያ ቦታ ላይ ነው። አሞራ ገደል ጠዋት ጠዋት ዓሣ የሚገዛ ሰው ሁሉ ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ። ባለ ጀልባዎቹ፣ ዓሣውን ቆዳውን ገፍፈው የሚያጠሩት ልጆች፣ ጥሬውን በዳጣ የሚያቀርቡት ሴቶች፣ ሁሉም የሚኖሩት ከዚያ ጫጩት ነው።

ሁለተኛው ነገር የውሃው ብዛት ነው። አድዋ ላይ የታከሙት ወንዞች ናቸው። የእኛው ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉን ታውቁታላችሁ። ጠዋት የተነሰነሰው ከሰዓት ተጠርጎ ይሄዳል። እንዶድ በተፈጥሮው ውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ኃይሉን ያጣል፤ ይህ ለአካባቢ ጥሩ ነው፣ መርዙ አይከማችም። ግን ደግሞ የቀንድ አውጣውን እንቁላል ብዙም አይጎዳውም። ስለዚህ ዓሣው ይሞታል፣ የቀንድ አውጣው እንቁላል ይፈለፈላል፣ ከሳምንታት በኋላ ቀንድ አውጣው ተመልሶ ይመጣል። ዓሣው ግን እንደ ቀንድ አውጣው ቶሎ አይተካም።

እንዶድ ለውሃ የሚሆንበት ቦታ የለም አልልም። የመስኖ ቦይ አለ፣ ዓሣ የሌለበት የታቆረ ውሃ አለ፣ ልጆች የሚገቡበት ትንሽ ጅረት አለ። እሱም ቢሆን ባለሙያ ቀንድ አውጣውን ለይቶ፣ ውሃውን ለክቶ፣ መጠኑን ወስኖ የሚያደርገው ሥራ ነው። በዘመቻና በማዳበሪያ ከረጢት የሚደረግ አይደለም።

በሽታው የሚዞርበትን መንገድ በዓይኔ ስላየሁት ልንገራችሁ። የዚህ አካባቢ ቢልሃርዝያ የአንጀት ነው። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ማይክሮስኮፕ ሥር ሞላላ ሆኖ ጎኑ ላይ አንድ እሾህ አለው። አንዴ ያየው ሰው ከሌላ ጋር አያምታታውም። ንጹሕ ውሃ ሲነካው ይፈነዳና ከውስጡ ጸጉር ያለው ጥቃቅን ፍጥረት ይወጣል፣ ይዋኛል። ለተማሪዎች ሳሳይ ሁሌ የሚጮህ ልጅ አይጠፋም ነበር። ያ ፍጥረት ቀንድ አውጣ ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ካገኘ ግን ቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ ሌላ መልክ ይዞ በብዛት ይወጣና የሰው ቆዳ ይፈልጋል። በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ፣ ወደ እኩለ ቀን ግድም ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ተለቀው ሐይቅ የሚገቡት መቼ ነው? ያኔ ነው።

ስለዚህ ሰንሰለቱ የሚቆረጠው እንቁላሉ ውሃ ሳይደርስ ነው። ሐይቁ ዳር ጀልባ ለሚጠብቁ፣ ዓሣ ለሚያጠሩ፣ ልብስ ለሚያጥቡ ሰዎች መጸዳጃ ቤት በቂ አይደለም። ብትሄዱ የምታዩት ነው። ሰው መፀዳጃ ካጣ ቄጠማው ውስጥ ይገባል፣ ዝናብ ሲመጣ ሁሉን ጠርጎ ወደ ሐይቁ ይወስዳል። ሐይቃችን ደግሞ በላይ በኩል መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባበት ሁሉ ከእኛው ጋር ይቀመጣል። ለእንዶድ ዘመቻ የሚወጣው ገንዘብ ለመጸዳጃ ቤት ይዋል ብዬ ብጠይቅ አጥብቄ የምጠይቀው ነገር ነው።

መድኃኒቱም አለ። ፕራዚኳንቴል ይባላል። በልጁ ክብደት ተለክቶ ይሰጣል። የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ሳለ ሆዱን እየቆረጠው፣ ሰገራው ላይ ደም እየታየ ወራት ተንከራተተ። አንድ የግል ክሊኒክ «አሜባ ነው» እያለ ሦስት ጊዜ መድኃኒት ሰጠው። እህቴ በመጨረሻ ናሙናውን ይዛልኝ መጣች። ያን ባለ እሾህ እንቁላል አየሁት። መድኃኒቱን አንድ ቀን ወስዶ ዳነ። አሁን ትልቅ ሰው ነው፣ ልጅ ወልዷል። ሐይቅ ገብቶ ሆዱን የሚያመው ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ የሰገራ ምርመራ ሲደረግለት ቢልሃርዝያም ይታይልን ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ያኔ ከጎረቤት አንዷ እናት ተቆርቁራ «እንዶድ በጥብጠሽ አጠጪው፣ ሆዱን ያጥብለታል» ብላት ነበር። እህቴ ሳታደርገው ስለደረስኩ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። እንዶድ አይጠጣም። ለኮሶም፣ ለእብድ ውሻ በሽታም፣ ለሌላም ጉዳይ እየተባለ ድሮ ይጠጣ ነበር፤ አንዳንዱ አሁንም ይጠጣል። ያው ቀንድ አውጣ የሚገድለው ነገር ነው ሆድ የሚገባው። በሥራ ዘመኔ እንዶድ ጠጥተው የመጡ ሴቶች አይቻለሁ። ሁሉም በሕይወት አልወጡም። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ታዲያ እንዶድን ምን እናድርገው? እንትከለው። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ከተማችን በ1,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፤ እንዶድ የሚወደው ከፍታ ነው። አሸዋማው አፈራችን ውሃ ስለማይቋጥር ሥሩ አይበሰብስም። አዲስ የሚሠሩ ቤቶች ሁሉ አጥራቸው ቆርቆሮ እየሆነ ነው። ቆርቆሮው ላይ እንዶድ ቢለቁበት በአንድ ሁለት ዓመት አረንጓዴ ግድግዳ ይሆናል። ከብትና ፍየል ብዙ አይደፍሩትም። ፍሬውም ለልብስ ይሆናል። የኦሞ ዋጋ የደረሰበትን ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። እንዶድ እንደ ፓፓያ ወንድና ሴት አለው። ወንዴው ተክል ያብባል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ከዘር ካፈላችሁት የትኛው እንደሆነ እስኪያብብ ድረስ አታውቁም። እኔ ራሴ መጀመሪያ 12 ችግኝ ከዘር አፍልቼ ሰባቱ ወንዴ ሆኑብኝ። አጥር ለሚፈልግ ሰው ሰጠኋቸው። ዛሬ የምተክለው ከቅርንጫፍ ነው። ፍሬ ይዛ ካየኋት ሴቴ ላይ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ እቆርጣለሁ፤ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል ይሁን። ከአንጓው በታች ቀጥ አድርጌ እቆርጥና ታችኛውን ቅጠል አራግፌ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር በሞላ ፌስታል ውስጥ ጥላ ሥር አቆመዋለሁ። ውሃ ጠዋት ብቻ። ሲጸድቅ አዲስ ቅጠል ያወጣል፤ ያኔም ቶሎ አትነቅንቁት። ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ ላይ፣ ወደ መሬት ይወርዳል። በሁለት ተክል መካከል ሁለት ሜትር ተኩል ያህል እተዋለሁ። አንድ ወንዴ በአቅራቢያው እንዲኖር አደርጋለሁ፣ ያለ እሱ ሴቴዎቹ በደንብ አያፈሩም። ካፈሩ በኋላ መቁረጥ ነው፤ ካልተቆረጠ ሁሉን ውጦ ጎረቤት ይሄዳል።

ፍሬውን የምለቅመው ሳይቀላ ነው። አረንጓዴ ሆኖ ሞላ ሞላ ሲል ኃይሉ ያኔ ነው። ጥላ ላይ አስጥቼ አደርቀዋለሁ። ከደረቀ በኋላ በጠርሙስ ዘግቼ አስቀምጠዋለሁ፣ የምወቅጠው ለማጠብ ስፈልግ ብቻ ነው። ከልጆች እጅ አርቁት። ያጠባችሁበትን ውሃም ሐይቅና ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ አፈር ላይ ድፉት፣ አፈሩ ይበላዋል። እናቴ ይህን ማንም ሳይነግራት ታደርገው ነበር። ውሃውን የምትደፋው አጥሩ ሥር፣ እዚያው እንዶዱ ላይ ነበር።

የዝግጅት ክፍሉን የምለምነው ፎቶውን እንድታርሙልኝ ነው። ከፈለጋችሁ ከጓሮዬ አንስቼ ሴቴውንም ወንዴውንም እልክላችኋለሁ፤ አሁን አብበዋል። ደብዳቤውን የጻፈው ወንድሜንም ላገኘው እፈልጋለሁ። ልጆቹ ስላሳሰቡት አከብረዋለሁ። ሰኔ ላይ ሃያ የጸደቀ ሴቴ ችግኝ ይኖረኛል። አሥሩ የእሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛዋ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን፣ ከሐዋሳ